አክስቴ ከድስቶቹ ሥር

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። በዚያ ዕድሜ ብዙ ሴት አንድ አዝላ አንድ ጎትታ ገበያ ትወጣለች። እኔ ጋምቤላ ከተማ በአክስቴ ሱቅ ውስጥ፣ በድስትና በባልዲ መሃል ተቀምጬ ጋዜጣ አነብ ነበር። ጋዜጣ ስላችሁ ሙሉ ጋዜጣ እንዳይመስላችሁ። ድስቶቹ ከአዲስ አበባ ሲመጡ እንዳይጫጫሩ የሚጠቀለሉበት ቁራጭ ነው። ማንበብ የተማርኩት ከእሱ ነው፤ ፊደል ያስቆጠረኝ ሰው የለም። ስለዚህ የዓለምን ወሬ ሁሉ የማውቀው ግማሹን ብቻ ነው። ሌባው ሲሰርቅ አንብቤአለሁ፤ መያዝ አለመያዙ ግን በሌላ ድስት ላይ ነበር፣ ድስቱም ተሽጧል። ይህን የምነግራችሁ ወሬን ከመሃል መጀመር ልማዴ ስለሆነ ነው። የዛሬውን ግን ከራሱ እጀምራለሁ፤ ሙሉውን በዓይኔ ስላየሁት።

አክስቴ መዲና የአባቴ እህት ናት። አባቴ ሲሞት ወስደው ያሳደጉኝ እሷና ባሏ ጋሽ እንድሪስ ናቸው። ከወሎ ወርደው ጋምቤላ ሱቅ የከፈቱት እኔ ሳልወለድ ነው። የአክስቴን ድምፅ አንዴ የሰማ አይረሳውም። ከሱቋ በር ላይ ቆማ «ባልዲ!» ስትል ከባሮ ወንዝ ማዶ ያለ ሰው ባልዲ ያምረዋል። መርካቶ ገብታ ስትከራከር ነጋዴው ዋጋ የሚቀንስላት አዝኖላት ሳይሆን ጆሮውን ለማትረፍ ነው ይባል ነበር። ጋሽ እንድሪስ በተቃራኒው ዝምተኛ ሰው ነበር። «አንድ ቤት ውስጥ አንድ አፍ ይበቃል» ይለኛል፣ እሷ እየሰማች። እሷም ትስቃለች። ሳቋም ያው እንደ ድምጿ ነው፣ ዶሮ ያስበረግጋል።

ታዲያ በክረምቱ ጋሽ እንድሪስን ወባ ይዞ ገደለው። አክስቴ ለቅሶ ተቀመጠች፣ የመጣውን ተቀበለች፣ አልቅሳም አስለቅሳም ጨረሰች። የመጨረሻዋ ለቀስተኛ ከወጣች በኋላ ወደ እኔ ዞራ «በሩን ዝጊው» ልትለኝ አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። እንደገና ከፈተች። ምንም። እኔ እሷን አየሁ፣ እሷ እኔን አየች፤ ሁለታችንም ክው ብለን ቀረን። በሩም ክፍቱን አደረ።

ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሐኪሙ ባትሪ አብርቶ ጉሮሮዋን ሲያይ ቆየና «ጉሮሮዋ ምንም አልሆነም፤ እንዲያውም ጠንካራ ነው» አለኝ። ጥንካሬውንማ ከተማው ሁሉ ያውቃል። የጠየቅነው የት ሄደ ብለን ነው።

ከዚያ በኋላ አክስቴ ንግግሯን ወደ እንጨት አዞረችው። ጨርቅ የምንለካበት የሜትር እንጨት አለን፤ እሱን ይዛ መደርደሪያውን ትመታለች። አንድ ጊዜ ከመታች አይሆንም ማለት ነው፣ ሁለት ጊዜ ከመታች ይሁን። ደጋግማ ከደበደበች ሌባ ገብቷል ማለት ነው። ደንበኛው ለመደው። «እትዬ መዲና አንኳኳችብኝ» ይላል የተከለከለ ሰው ሲወጣ። እንቅልፍ ግን አልነበራትም። ፊቷ ከቀን ወደ ቀን እንደ ታጠበ ነጠላ እየሳሳ ሄደ። ስጠይቃት አንድ ጊዜ ትመታለች፤ ምኑን አይሆንም እንዳለችኝ እንኳ አላውቅም።

ይህ ሁሉ ደሴ ደረሰ። ደሴ ያለው የአክስቴ ታናሽ ወንድም አጎቴ ይማም ነው። በልጅነቱ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፣ አሁን ግን ጢም አውጥቶ የቤተሰቡ አለቃ ሆኗል። በጭነት መኪና ሹፌር እንዲህ የሚል መልእክት ላከብን፦ «ባል የሌላት፣ ድምፅ የሌላት ሴት በዚያ እሳት አገር ምን ትሠራለች? ሱቁ ይዘጋ። መጥቼ ሁለታችሁንም እወስዳለሁ። ለልጅቷም ባል አለ፣ ባለ ወፍጮ ነው፣ ሚስቱ ሞታበታለች። እህቴ እምቢ የምትል ከሆነ በራሷ አፍ ‹አልሄድም› ትበለኝ፤ ያኔ እመለሳለሁ።»

ሹፌሩ ይህን ሲጨርስ አክስቴ እንጨቱን አንስታ መደርደሪያውን አንድ ጊዜ መታችው። የመደርደሪያው መስታወት ተሰነጠቀ።

«እትዬ፣ እኔማ ሰማሁ» አለ ሹፌሩ ወደ ኋላ እያለ፣ «እሱ ግን በአፏ ብሏል።»

አያችሁልኝ? የጋሽ እንድሪስ መቃብር እዚህ ነው። ሱቁ እዚህ ነው። እኔም እዚህ ነኝ፣ ከነግማሽ ወሬዬ። ሁላችንም የተንጠለጠልነው በአንዲት ቃል ላይ ሆነ። እኔ ደግሞ ባለ ወፍጮውን ሳስበው ጆሮዬ ይጮህ ጀመር። ድምፅ ከሌለበት ቤት ወጥቼ ከወፍጮ ጩኸት ሌላ ድምፅ የማይሰማበት ቤት ልገባ ነው።

ጊዜው ጋምቤላ ገና ክልል የሆነችበት ነው። ጠረጴዛና ወንበር በጭነት መኪና ይገባል፤ ትናንት አሳ ሲበልት የነበረ ሰው ዛሬ ማኅተም ይዞ ይታያል፤ ውጭ የቆየው የአገሩ ልጅ ሁሉ ሻንጣውን ይዞ ይመለሳል። ከተመለሱት አንዱ ኦኬሎ ነው። አባቱ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበሩ፤ እሱ በልጅነቱ ከአጎቱ ጋር ወጥቶ ውጭ አገር ነው የተማረው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲራመድ ነፋስ የሚያማክር የሚመስል ሰው ነው። አንድ ቀን ሱቃችን ገባና ድስት አንስቶ በጣቱ ቋ አደረገው፣ ጆሮውንም አስጠጋበት። ሌላ አነሳ፣ ቋ። ሌላ፣ ቋ።

«ወንድሜ፣ ሐብሐብ አይደለም እኮ» አልኩት።

«አውቃለሁ እህቴ» አለ። «ይሄ ድምፅ የለውም፣ አልፈልግም። ይሄ ጥሩ ነው፣ ያለቅሳል። እሱን ስጠኝ።»

ስጠኝ ያለው ከመኪና ወድቆ የተጎደጎደ፣ እኛ ለውሻ ልንሰጠው ያስቀመጥነውን ድስት ነው። አዲሱንና የሚያብረቀርቀውን ትቶ የተጣመመውን፣ የተሰነጠቀውን፣ እጀታ የሌለውን እየለቀመ ከመረ። አክስቴ በድንጋጤ እንጨቷን እንኳ ረሳች። ድስት በሸጠችበት ዘመን ሁሉ ደንበኛ የተበላሸ ዕቃ መርጦ ሲከራከር አይታ አታውቅም።

«ሥራህ ምንድን ነው?» አልኩት።

«የድምፅ ሰዓሊ ነኝ።»

«ድምፅ ይሳላል?»

«ይሰቀላል» አለኝ። ቀጥሎ እንዳስረዳኝ፣ ውጭ አገር ሆስፒታል ውስጥ ጦርነት አይተው እንቅልፍ ያጡ፣ አፋቸው የተያዘ ሰዎች ነበሩ። እሱ የሚጮሁ ነገሮችን እየሰቀለ፣ ሰዎቹን ከሥር እያስተኛ ያክማቸው ነበር። አሁን ወደ አገሩ የመጣው ባሮ ዳር ያንኑ ሊሠራ ነው። ይህን እየነገረኝ አክስቴ ከኋላ እንጨቷን ሁለት ጊዜ መታች፤ ድስቶቹን ይውሰድ ማለቷ ነው። ኦኬሎ ዞር አለ። ከድስቶቹ አንዱን በጣቱ ሁለት ጊዜ መታ። አክስቴ ቅንድቧን አነሳች። እሱም ቅንድቡን አነሳ።

«ማማ መዲና» አላት፣ «አንተ ድምፅ አልጠፋም። ተቀምጧል። እናስነሳዋለን።»

አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ነው፤ ሴቱን አንተ፣ ወንዱን አንቺ እያለ ሁሉንም እኩል ያከብራል። እኔ ግን የሰማሁት «እናስነሳዋለን» የሚለውን ብቻ ነው። ባለ ወፍጮው ሲርቅ ታየኝ። እዚያው ላይ «እሺ» አልኩ፣ እሷን ሳልጠይቅ።

ለሥራው የመረጠው ቦታ የድሮው ወደብ ነው፣ መርከብ ከሱዳን ይመጣበት የነበረው። ትልልቅ የማንጎ ዛፎች አሉ። ኦኬሎ የድሮ የመርከብ ገመድ ፈልጎ አገኘ። በላዩ ድስቱን፣ ባልዲውን፣ የመኪና ቸርኬውን፣ ጠርሙሱን፣ የብረት ቧንቧውን አሰረ። ገመዱን በካሩኮላ፣ ዕቃ በሚሰቀልበት የገመድ ጎማ፣ አሳልፎ ከዛፍ ዛፍ ወጠረው። ጫፉን መርከብ ይታሰርበት በነበረው ወፍራም ብረት ላይ ጠመጠመው፤ ሲፈልግ ያን ፈታ አድርጎ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ያወርዳል፣ ይሰቅላል። እኔም ሱቅ ስዘጋ እየሄድኩ አስር ነበር። በየዕቃው አጠገብ አንድ አንድ ዱላ ይንጠለጠላል፤ ነፋስ ሲመጣ ዱላው ድስቱን ይነካል። ከሥር የጠፍር አልጋ።

ሥራው ግን ዝም ብሎ አልተፈቀደለትም። እንግዲህ ጋምቤላ ውስጥ ድስት በከንቱ አይመታም። ሰው ባሮ ውስጥ እየታጠበ አዞ ከታየ፣ ዳር ላይ ያለው ያገኘውን ይመታል፤ ጀሪካንም ይሁን ድስት ወይም ቆርቆሮ። የሰማው ሁሉ የራሱን ይዞ እየመታ ይሮጣል፤ የቀጠለውም ሰፈር ይቀበላል። ጩኸቱ አዞውን ያሸሻል፣ ሰውን ያስወጣል። ጎረቤትህ እየመታ አንተ ማቆም ግን ነውር ነው፤ ምናልባት ውሃ ውስጥ ያለው የእሱ ልጅ ነዋ። ስለዚህ የአገሩ ሽማግሌዎች ኦኬሎን ጠርተው «አንተ የእኛ ልጅ ነህ፣ ስቀል። ግን ዱላዎችህን ጨርቅ አልብሳቸው። በሹክሹክታ ይናገሩ። ከተማውን እንዳትጠራብን» አሉት። እሱም እያንዳንዱን ዱላ በአሮጌ ጨርቅ ጠቀለለው። በጨርቁ ድምፁ ለስላሳ ሆነ፤ ሩቅ ቤት ውስጥ ሰው ዕቃ እንደሚያጥብ ያለ።

አክስቴ መጀመሪያ የተኛች ዕለት በዓይኗ ገደለችኝ። ጨዋ፣ ሙስሊም፣ የተከበረች ነጋዴ፣ በጠራራ ፀሐይ ማንጎ ሥር ተዘርግታ ከላይዋ የራሷ ድስት ይንጠለጠላል። አላፊው ሁሉ ቆመ። «መዲና መጋዘን ጠበባትና ሸቀጧን ዛፍ ላይ ሰቀለች» አለ አንዱ። አንዷ ደግሞ ጠጋ ብላ «እትዬ፣ ያ ከግራ በኩል ያለው ባለ ክዳኑ ይሸጣል?» አለች። አክስቴ ተኝታ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ በጣቷ ዋጋ አሳየቻት። ኦኬሎ «ኖ፣ ኖ፣ ኖ! ሕክምና ነው!» እያለ መጣ። ሴትየዋ «መድኃኒት ከሆነማ ሁለት ስጡኝ» አለች።

እኔም በሌላ ቀን ሞከርኩት። ተኛሁ። ነፋሱ መጣ፣ ዱላዎቹ ድስቶቹን ነካ ነካ አደረጉ፣ ነፋሱ ሄደ። ድምፁ ሲያልቅ ኦኬሎ ጣቱን አነሳ፦ «አሁን ስማ።»

«ምኑን? አበቃ እኮ።»

«መድኃኒቱ እሱ ነው። ድስቱ አይደለም። ድስቱ ዝም ሲል የሚመጣው ነው።»

ያ ረቢ አልኩ በሆዴ። ዝምታ ለማግኘት ይህን ሁሉ ድስት መግዛት ለምን አስፈለገ? ዝምታማ ቤታችን ሞልቶ ተርፏል፤ በነፃ በጀሪካን በቀዳንለት! ይህን እያሰብኩ ሳለ ሳላስበው እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ሱቅ ውስጥ የሚሸጥለት ሰው ያጣ ደንበኛ ወንዝ ድረስ ወርዶ ቆሞብኛል።

አክስቴ ግን ተኛች። ማታ ሳይሆን ቀን፣ ቤቷ ሳይሆን ማንጎ ሥር፤ ብቻ ተኛች። ፊቷ ተመለሰ። ድምጿ አልመጣም። ኦኬሎን «መቼ ነው?» ስለው «ስሎሊ፣ ቀስ በል እህቴ» ይለኛል። ስሎሊ ለእሱ ነው፤ አጎቴ ይማም ከደሴ ተነስቶ እዚህ ቅርባችን መቱ ገብቷል ተባለ።

እሱ የሚገባበት ቀን ደረሰ። ጠዋት ወንዝ ስወርድ ጓደኛዬ አሪያት ዳር ላይ ተቀምጣ ጨርቅ ታጥባለች። አሪያት አሳ ሻጭ ናት፤ ንጽሕናዋ ከልክ ያለፈ፣ አሳውን እንኳ በሳሙና የምታጥብ ይመስለኛል። ከጎኗ ቁጥቋጦው ላይ የተሰጡትን ጨርቆች አየሁ።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ?»

«የአንቺ ድስቶች ጨርቅ ነው» አለች በኩራት። «እንግዳ ሊመጣ ነው አላልሽም? ያን የቆሸሸ ጨርቅ አይቶ አጎትሽ ምን ይላል? ጋምቤላ ሳሙና የለም ይላል።»

«አይ አሪያትዬ፣ ተባረኪ!» ብዬ ጉንጯን ስሜ ሄድኩ። አስቡት እንግዲህ። አዞ ከታየ ድስት እንደሚመታ አሪያት ከልጅነቷ ታውቃለች። እኔም አውቃለሁ። ጨርቁ ለምን እንደታሰረ ሁለታችንም በጆሯችን ሰምተናል። ሁለታችንም ያየነው ግን እድፉን ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ አክስቴ ወደ ማንጎው ሄደች፤ የመጨረሻዋን ዕድል ልትሞክር። እኔ ሱቅ ነበርኩ። ኦኬሎ በኋላ እንደነገረኝ፣ እሷን አስተኝቶ ቀና ሲል ዱላዎቹ ራቁታቸውን ናቸው። ጨርቁን ፍለጋ ወደ ቁጥቋጦው ሮጠ። በዚያው ቅጽበት የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ነፋስ ከምዕራብ መጣ። የሚያዝያን ነፋስ ጋምቤላ የኖረ ያውቀዋል፤ አስቀድሞ መልእክት አይልክም፣ ድንገት ነው በር ገንጥሎ የሚገባው።

ሱቅ ውስጥ ሆኜ ሰማሁት። ቋ አይደለም፣ ጓ! ጓጓ! ድንግርግር! ቸርኬው፣ ባልዲው፣ ቧንቧው። እኔ በእጄ ያሰርኳቸው ድስቶች ናቸው፣ ወላሂ ድምፃቸውን አላወቅኋቸውም። ልቤ ያለው «አዞ» ብቻ ነው። ትልቁን ክዳንና ጭልፋ ነጥቄ እየመታሁ ወጣሁ። ሱቁን አልዘጋሁም፣ መዝጋት የሚባል ነገር መኖሩንም ረሳሁ። መንገዱ ላይ ከተማው ወጥቷል። ሴቱ መጥበሻ ይዟል፣ ወንዱ ጦር ይዟል፣ ፀጉሩን ሲስተካከል የነበረው ግማሹን ተላጭቶ የተላጨበትን ፎጣ እንዳሰረ የቆርቆሮ በርሜል ይደበድባል። እንደ ደወል የሚመታው የቤተ ክርስቲያኑ ቸርኬ ተቀበለ፣ የትምህርት ቤቱ ቀጠለ። ፖሊሶቹ የሚመቱት ቢያጡ የራሳቸውን ምሳ ዕቃ ይመታሉ።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ነፋሱ ሄዷል። ድስቶቹ ገና እየተወዛወዙ ነው እንጂ ነፋስ የለም። ይህን ግን ማን ይወቅ? ሁሉም ይመታል። እኔ የማልተወው አሪያት ስለምትመታ ነው፤ አሪያት የማትተወው እኔ ስለምመታ ነው። ኦኬሎ መሃል ቆሞ ሁለት እጁን እያወዛወዘ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። «አቁሙ» እያለ ነበር ለካ። እኛ «ምቱ» ያለ መስሎን የባሰ መታን። እናቶች የልጆቻቸውን ስም ይጠራሉ፤ ስሙ ከአፋቸው ወጥቶ ከጩኸቱ ውስጥ ይጠፋል።

ያን ጊዜ ነው አጎቴ ይማምን ያየሁት።

ከእኛ ራቅ ብሎ፣ በድሮው ወደብ የድንጋይ ደረጃ ወርዶ፣ ውሃው ጉልበቱ ደርሶ ነበር። መኪናው ከድልድዩ ጋ አውርዶት፣ አቧራውን ታጥቦ ለዐስር ሰላት ውዱእ ሊያደርግ መውረዱ ነው። ሱሪውን ሰብስቧል፣ ኮቱን ደረጃው ላይ አጥፎ አስቀምጧል። ሰዉ ሁሉ እጁን እያወናጨፈ «ውጣ!» ይለዋል። እሱ ደግሞ ቀና ብሎ፣ ደስ ብሎት፣ እጁን አንስቶ በትሕትና ሰላምታ ይመልሳል! በኋላ በራሱ አፍ እንደተናገረው፣ ከተማው ድስት እየመታ የወጣው እሱን ለመቀበል መስሎት ነበር። «የመዲና ወንድም መጣ ተብሎ ነው ብዬ፤ እኔ ይህን ያህል እንደምከበር አላውቅም ነበር።» ሰላምታውን ጨርሶ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባና ጆሮውን ማጠብ ጀመረ።

ዓይኔን ወደ ማዶ ላክሁ። ማዶ የአሸዋ ደለል አለ፤ በበጋ አዞዎቹ እንደ ተጣለ ግንድ ተኝተው ፀሐይ የሚሞቁበት። ጠዋት ነበሩ። አሁን አሸዋው ባዶ ነው። ጩኸታችን ሁሉንም ቀስቅሶ ውሃ ውስጥ አስገብቷቸዋል።

«አጎቴ! አጎቴ!» አልኩ፤ የራሴን ድምፅ እኔ እንኳ አልሰማሁትም። ወደ ደረጃው ለመሮጥ ሰዉ ግድግዳ ሆኗል። አክስቴን ፈለግሁ። ከአልጋው ተነስታ ቆማ፣ እሷም ወደ ውሃው ታያለች። ያዘለችው ልጅ ነው እዚያ ያለው። እጆቿ ባዶ ናቸው፣ እንጨቷ ሱቅ ቀርቷል። አፏን አልከፈተችም። ብትከፍትስ? የድሮ ድምጿ እንኳ ቢኖር በዚያ ቀን ማንም አይሰማውም።

አክስቴ ዞረች። ገመዱ ወደተጠመጠመበት ብረት ሄደች፣ በሁለት እጇ ያዘችው፣ ፈታችው፣ ለቀቀችው።

ማንጎው ላይ የነበረው ሁሉ ባንድ ጊዜ ወረደ። ድስት፣ ባልዲ፣ ቸርኬ፣ ጠርሙስ፣ ቧንቧ። መሬቱ ተሰነጠቀ ነው ያልነው። በድንጋጤ የሁላችንም እጅ ባለበት ቀረ። ጭልፋዬ አየር ላይ ነው፣ የአሪያት መጥበሻ አየር ላይ ነው። አንዲት ክዳን ብቻዋን ተሽከርክራ ተሽከርክራ ወደቀች።

ከዚያ ዝም አለ። እንዲህ ያለ ዝምታ ከዚያ በፊት አልሰማሁም። ውሃው ድንጋዩን ሲልስ ይሰማል።

«ይማም።»

ማን እንደተናገረ ለማየት ሁላችንም ዞርን። ድምፁ ቀጭን ነው፣ ሻካራ ነው፣ ተዘግቶ ከከረመ ቧንቧ መጀመሪያ እንደሚወጣ ዝገት ያለበት ውሃ።

«ይማም። ውጣ ከውሃው።»

ያ ጢሙ የተንዠረገገ የቤተሰብ አለቃ፣ ለምን ብሎ ሳይጠይቅ፣ እንደተቆጡት ሕፃን ዞሮ ወጣ። ደረጃው ላይ እንደወጣ ከኋላው ውሃው ዕጥፍ አለ፣ ተመልሶም ተዘረጋ። ግንድ ነው ያሉ አሉ። እኔ ግን ወንዙን ሽቅብ የሚወጣ ግንድ አላውቅም።

መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው ኦኬሎ ነው። በድስቶቹ ክምር መሃል ቆሞ፣ ጉንጩ በእንባ ርሶ፣ ክንዴን ያዘኝ።

«ሰማህ እህቴ? ሰማህ?»

ስለ ድስቶቹ እያለቀሰ መስሎኝ «አይዞህ፣ ሌላ እንሰጥሃለን» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። የሚጠይቀኝ ድስቶቹ ዝም ሲሉ ስለመጣው ነበር። «ሰማሁ» አልኩት።

አጎቴ ይማም ሱሪውን እየጨመቀ መጣ። አለቅነቱን ግን አልተወም።

«ዕቃሽን ሰብስበሻል?» አላት አክስቴን።

«አልሄድም» አለች።

«ምን አልሽ? ጆሮዬ ውሃ ገብቶበታል።»

እሷም ጠጋ ብላ፣ በልጅነቱ እንደምታደርገው ይሆናል፣ የጆሮውን ጫፍ ይዛ ራሱን ዘንበል አደረገችው። ውሃው ወጣ።

«አልሄድም። እንድሪስ እዚህ ነው።»

አጎቴ አንገቱን ደፋ። እኔ እንባዬ ሊመጣ ሲል አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። ከክረምቱ ጀምሮ የጠበቅሁት፣ ለእኔ የተባለ የመጀመሪያው ቃል ምን ይሁን ብዬ ሳስበው የኖርኩት ይኸው፦

«ሱቁን ለማን ትተሽ መጣሽ?»

ያን ጊዜ ነው ሰዉ የያዘውን ያየሁት። መጥበሻው የእኛ ነው። ባልዲው የእኛ ነው። ምልክቱ ገና ያልተላጠለት ድስት በእያንዳንዱ እጅ ላይ ነው። በሩ ክፍት ሆኖ ሲያገኘው፣ የሚመታ የሌለው ሁሉ እግረ መንገዱን ከመደርደሪያችን አንስቶ ወጥቷል። አክስቴ እያንዳንዱን በዓይኗ ለየች። ድሮ ቢሆን ጩኸቷ ባሮን ይሻገር ነበር። አሁን በዚያችው በቀጭን ድምጿ «መልሱ» አለች። ስለማይሰማ ሁሉም ጠጋ አለ፣ ጠጋ ብሎም ሰማ፣ ሰምቶም መለሰ። ድሮ ከጩኸቷ የሚሸሸው ሰው ዛሬም ድረስ እሷን ለመስማት አንገቱን ያሰግጋል። ዋጋ የሚከራከርም ጠፍቷል፣ ሰው በሹክሹክታ መከራከር ያፍራል። የተመለሰው ዕቃ ግን አንዱም ደህና አልነበረም፤ ሱቃችን በአንድ ቀን ኦኬሎ የሚመርጠው ዓይነት ድስት ብቻ የሚሸጥበት ሆነ።

በማግስቱ መኪናው ከመነሳቱ በፊት አጎቴ ይማም ኮቱን አውልቆ ወንዝ ወረደ። የተጨራመቱትን ድስቶች አንድ በአንድ ለኦኬሎ አቀበለው፣ ዱላዎቹን አሪያት ባጠበችው ጨርቅ መልሶ ጠቀለለ፣ ገመዱን አብሮት ስቦ ጫፉን በራሱ ቋጠሮ አሰረው። ሲጨርስ የጠፍር አልጋው ላይ ትንሽ ጋደም አለ። ከዚያ ተነስቶ ኮቱን ለበሰ፣ አክስቴን ግንባሯን ሳማት፣ መኪናው ላይ ብቻውን ወጣ።